ስለ እትዬ የሺ መርዶ፦ ለድራማ ግሩፓችን አድሚን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ
የእሁድ ማታ ድራማ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን
ደብረ ታቦር

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎም፣ ለስልክዎ ባትሪም፣ ለአውራ ጣትዎም ጤናን እመኛለሁ፤ ከሰውነትዎ ሁሉ አብልጦ የሚደክመው እሱ ነውና። እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆኑ መንገድ ላይ ብንገናኝ «አንተ» ባልኩዎት ነበር፤ ዳሩ ግን ሥልጣን ሥልጣን ነውና በ«እርስዎ» እቀጥላለሁ። ይህንንም በከተማችን ገጽ ላይ የምጽፈው ከግሩፑ ስላስወጡኝ እንጂ አደባባይ ላሰጣዎት ወድጄ አይደለም። ለነገሩ ወድጄም ነው።

አንደኛ፤ ስለ ክርክራችን ምስጋና አለኝ። በድራማው እናትየዋ የልጇን ሞት ገበያ መሐል ቆማ፣ ሽንኩርት እየመረጠች፣ በስልክ የሰማች ዕለት፣ እኔ ይህ ታሪክ አልተነገረም፣ ተወረወረ እንጂ፣ ብዬ ጻፍኩ። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይደለም። ዘመድ ተጠራርቶ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል፣ ሴትዮዋ እህል መቅመሷ በዘዴ ይጣራል፣ ሊነጋጋ ሲል ይገባና ግራና ቀኝ የሚይዛት ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው የሚነገራት። ደራሲው ይህን ቢያሳየን፣ እኛ አውቀን እሷ ሳታውቅ፣ ጎረቤቶቿ በደጇ ሲያልፉ ፊታቸውን ሲያዞሩ ብናይ፣ ከእሷ ጩኸት በፊት እኛ ባለቀስን ነበር፣ አልኩ። እርስዎም «እትዬ ፈንታነሽ፣ እንዲህ ያለው ታሪክ ያንዛዛል፣ የዛሬ ተመልካች ፍጥነት ይፈልጋል» ብለው አስተማሩኝ። ደሳለኝ የሚባለው አባላችን ደግሞ «እትዬ ለመርዶው ሦስት ክፍል፣ ለተዝካሩ አንድ ሲዝን ይፈልጋሉ» ብሎ አሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኩዌት በሰው ቤት የምትሠራው የጎረቤቴ የእትዬ የሺ ልጅ እቴነሽ ብቻ ናት «እትዬ ልክ ናቸው፣ እኔ ብሆን ብቻዬን አልችለውም» ብላ ከእኔ የወገነች። እስከዚህ ድረስ ቅያሜ የለኝም፤ የግሩፑ ጣዕሙም ይኸው ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ደንብዎ ጥብቅነት ሳላደንቅ አላልፍም። በአረብ አገር ያሉ ልጆቻችን እሁድ ማታ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ፣ በክፍሉ ማን እንደሞተ እስከ ሰኞ ማታ ድረስ መናገር ክልክል ነው ብለው ደንግገዋል። መልካም ደንብ ነው። እኔ እንኳ አንድ እሁድ የማንንም ስም ሳልጠራ «ዛሬስ አንጀቴ ቆሰለ» ብዬ ብጽፍ፣ ሰው መሞቱን ያስጠረጥራል ብለው አጠፉብኝ። ለድራማ ሟች እንዲህ ያለ ጠባቂ ማግኘት መታደል ነው።

ሦስተኛ፤ እትዬ የሺ ግን ድራማ ውስጥ አልሞቱም። የሞቱት እዚሁ፣ ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራው ቤታቸው ነው። ቀብራቸው ላይ እርስዎም ነበሩ፤ ስለ መድረስዎ እግዜር ይስጥልን። ልጃቸው ማሩ በሕዝቡ ፊት ቆሞ «እህቴ አልሰማችም፣ አርብ ዕረፍቷ ነው፣ እዚያው ኩዌት ያለችው ጓደኛዋ ዙለይካ ሄዳ ትነግራታለች፣ እስከዚያ አደራ» ሲል እኛ ሁላችን ራሳችንን ስንነቀንቅ፣ እርስዎ ስልክዎን እየነካኩ ነበር። ለካ የእትዬ የሺን ፎቶ ግሩፑ ላይ ከሻማ ሥዕል ሥር እያስቀመጡልን ኖሯል። «የውድ አባላችን የእቴነሽ እናት በማረፋቸው» የሚለው ጽሑፍዎ እኛ ከቀብር ሳንመለስ ኩዌት ደረሰ። ፍጥነት ይፈልጋል ያሉት ተመልካች ምንኛ ደስ ብሎት ይሆን።

ልጅቷ ያየችው የእመቤቷን ምሳ እየሠራች ነው። ዙለይካ ይህን ሰምታ፣ አርብን ሳትጠብቅ፣ የራሷን አሠሪዎች ለምና ስትደርስ፣ እቴነሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጩኸቷ እንዳይሰማ ቧንቧ ከፍታ አገኘቻት። ምሳው አርሮ ነበር፤ ስለ እሱም እመቤቷ ተቆጥተዋታል። ግራዋን የያዘ የለም፣ ቀኟን የያዘ የለም።

አራተኛ፤ ጽሑፍዎን እንዳየሁ እዚያው ግሩፑ ላይ «አልተነገራትም፣ ስለ እመብርሃን አጥፋው» ብዬ ጻፍኩ። በድንጋጤ «አንተ» ስላልኩዎት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ አጠፉ፤ የእኔን። ቀጥሎም «ከድራማ ውጪ ወሬ ክልክል ነው» ብለው አስወጡኝ። ሻማው ግን እስከ ዛሬ ከግሩፑ አናት ላይ ተሰክቶ፣ የልብና የእጅ መንሻ ምልክት እየተቀበለ ይገኛል። ዙለይካ እንደነገረችኝ፣ ልጅቷ ከወንድሟ ጋር ለማውራት ቴሌግራም በከፈተች ቁጥር ይኸው ፎቶ ይቀድማታል፤ ስለዚህ ስልኩን መክፈት ትታለች። ማሩም የእህቱን ድምፅ ከሰማ ሰንብቷል። እናቷን በእርስዎ እጅ ተረዳች፣ አሁን ደግሞ ወንድሟን በእርስዎ ሻማ ልታጣ ነው።

ስለዚህ እኔን ይመልሱኝ አልልም። የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። ፎቶውን ያውርዱት። ከዚያም በዙለይካ ስልክ በኩል፣ በጽሑፍ ሳይሆን በገዛ አንደበትዎ፣ እቴነሽን ይቅር በይኝ ይበሏት። ያንዛዛል ብለው እንዳይሰጉ፤ ይቅርታ ሲንዛዛ ነው የሚያምረው።

ለድካምዎ ሁሉ ፈጣሪ እንደ ሥራዎ እንዲከፍልዎ እየጸለይኩ፣ በግሩፕዎ ዘንድ የተባረርኩ፣ በሰፈርዎ ግን አሁንም ያለሁ፣

አክባሪዎ
ፈንታነሽ ደሳለው

የዘነጋሁት፦ እናትዎ ገሳይ ከተማ መኖራቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ዕድሜያቸውን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። የማይቀረው ቀን በመጣ ጊዜ ግን አይስጉ፤ ከእኛ ዘንድ በስልክ የሚደርስዎ ነገር አይኖርም። እራትዎን መብላትዎን አጣርተን፣ ጎረቤት ቤት አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል እናንኳኳለን። ቀኝዎን የምይዘው እኔ ነኝ።