ፖሊስ የእኔ ድርሻ ሆነ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ፖሊስ ለእኔ ተሰጠ! አዎ፣ ፖሊስ በሙሉ!... ሰላም ማለቱን ረሳሁት፣ ደብተሬ፤ እንዴት ዋልክ?

ከዛሬ ጀምሮ በሰፈር ማዕከላችን በር ላይ ፖሊስ ብቅ ካለ የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማን? እኔ፣ የእንግዳ መቀበያዋ! ሥራ አስኪያጇ ራሷ፣ በስብሰባ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ይሳል።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ሁለት ፖሊሶች ስለተሰረቀ ብስክሌት ሊጠይቁ መጡ። ዘበኛችን የድሮ ወታደር ነው፤ የደንብ ልብስ ካየ ቀኝ እጁ ሳያዘው ይነሳል። ሰላምታውን ሰጥቶ «በዚህ ጌታዬ፣ በዚህ» እያለ ሹራብ የሚሠራበትን ክፍል፣ የሕፃናቱን ክፍል፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር አስጎበኛቸው። የጽዳቷ ሴትዮ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች ቤት በጣቷ አሳየች። የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ደግሞ ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ ማንም ሳይጠይቀው ዘረዘረ። ብስክሌቱ ሌላ ሰፈር ተገኘ። የእኛ ሰዎች ገበና ግን ጣቢያ ቀረ።

ማታ ለባሌ ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አንቺ? ምስጢር?»

«ምን አለበት?»

«ምንም። ፖሊሱ ነው ያሳዘነኝ።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ልምምድ ነበረን። ሥራ አስኪያጇ የዘበኛውን ኮፍያ ደፍታ ፖሊስ ሆነች። ሕጉ ቀላል ነው አለችኝ። መታወቂያ ጠይቂ። ቢሮ አስገቢው እንጂ ክፍሎቹ ጋ እንዳይደርስ። የሰው መረጃ ከፈለገ በጽሑፍ፣ በማኅተም ይምጣ። አትዋሺ፣ አታደናቅፊ። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወዲያው ጥሪኝ። ስለማንም «ይመጣል» አትበይ፣ «አይመጣም»ም አትበይ።

ምን ይከብዳል!

«የሹራብ አስተማሪዋ እዚህ ትመጣለች?» አለችኝ ድምጿን አጎርንና።

«ስለማንም አንናገርም» አልኩ፣ አገጬን ቀና አድርጌ።

«ጎበዝ ነሽ። እኔ እንኳ የምሰጣት ዕቃ ነበረኝ...»

«ውይ! ታዲያ ሐሙስ ይምጡ፣ ያገኟታል!»

ኮፍያውን አውልቃ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ዘበኛው እኮ ለገዛ ኮፍያው ሰላምታ ሰጥቶ ነበር!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ዛሬም ፖሊስ የለም። ያውም ተኳኩዬ ሄጄ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሹራብ አስተማሪዋ ከትምህርት በኋላ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ድምጿ የማይሰማ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። ክር ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች።

«እትዬ... ፖሊስ የምታናግሪው አንቺ ነሽ አሉ?»

«እኔ ነኝ!» ኩራቴን ብታይ!

«ባሌ ፖሊስ ነው።»

ኩራቴ ብን አለ። እጇን ከአፏ ላይ አነሳች፤ ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጥርሶቿ የሉም። አልጠየቅኳትም፤ ምኑ ይጠየቃል? ልጇን ይዛ ጠፍታ ነው እዚህ ሰፈር የገባችው። የት እንዳሉ አያውቅም። እስካሁን።

«የደንብ ልብሱን ለብሶ ቢመጣ ማን እምቢ ይለዋል? ያኔ ዘበኛው እንዴት እንዳስጎበኛቸው አይቻለሁ። ማስተማሩን ልተወው መሰለኝ።»

«ትተሽውስ? በምን ልትኖሪ?»

ትንሿ ልጇ ከሕፃናቱ ክፍል እየሮጠች መጥታ እግሯ ላይ ተጠመጠመች።

«አትተዪውም» አልኳት። «ከመጣ ይምጣ። ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አይወጣም።»

ይህን ያልኩት እኔ! እህቴ ማርገዟን ከእሷ ቀድሜ ለሰፈሩ ያወጅኩት እኔ!

ለባሌም አልነገርኩትም። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቷል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

መጣ።

ዘበኛው ቀኝ እጁን በግራ እጁ ጨምድዶ ይዞ፣ «በዚህ ጌታዬ» ብሎ ቀጥታ ወደ እኔ ቢሮ አስገባልኝ። ጎሽ!

አውሬ ነበር የጠበቅኩት። ሰውዬው ግን ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ቅቤ። የሹራብ አስተማሪዋን ስም ጠርቶ «እታለም፣ ይህችን ሴት ለሥራ ጉዳይ ፈልጌያት ነበር» አለኝ።

«መታወቂያዎን አያለሁ?»

«ልብሱ አይበቃም?»

«ልብሱስ አምሮብዎታል። መታወቂያ ግን...»

ፈገግ ብሎ አወጣ። ቁጥሩንና ጣቢያውን ጻፍኩ።

«እና፣ እዚህ ትመጣለች?»

«ይመጣል አይመጣም ብለን ስለማንም አንናገርም። ከጣቢያዎ በጽሑፍ፣ በማኅተም ያምጡ።»

አቤት አነጋገሬ! ሥራ አስኪያጇ በሰማችኝ!

ከግድግዳው ማዶ ሕፃናቱ መዝፈን ጀመሩ። ጆሮውን ቀሰረ። ዓይኖቹ ቀሉ።

«እውነቱን ልንገርሽ። ልጄ ናፍቃኝ ነው። ትኑር ትሙት አላውቅም። አንቺም እናት ነሽ... ደህና ናት? ይህን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ አልጠይቅም።»

አምላኬ! «ደህና ናት» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ለአባት ይህን መንፈግ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?... ግን ደህና ናት ማለት እኮ አውቃታለሁ ማለት ነው! አየኋት ማለት ነው! ዋጥኳት። እንደ እሾህ ጉሮሮዬን ቧጥጣ ወረደች።

አፌ ደግሞ ባዶውን መቀመጥ አይችልም። ስለሚያፈሰው ጣሪያችን ጀመርኩለት። ከጣሪያው ወደ ጉልበቴ ሕመም፣ ከጉልበቴ ወደ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ ሐኪሙ አማት...

«እሺ፣ ግን እኔ የጠየቅኩሽ...»

«ቆይማ አልጨረስኩም! አማትየው ደግሞ...»

ዕንባው ወዲያው ደረቀ። ቅቤው ድምፅ ጠፋ። ጠረጴዛዬን በጡጫ ሲመታው ብዕሮቹ ዘለሉ። «አንቺ ለፍላፊ! ወረቀት ይዤ እመለሳለሁ፣ ያኔ እንተያያለን!»

ጡጫውን ሳይ የባለ ሹራቧ የወለቁ ጥርሶች ትዝ አሉኝ።

እንደወጣ ወደ ሹራቡ ክፍል ሮጥኩ። ባለ ሹራቧ ተማሪዎቿን የሹራብ ዙር ታስቆጥር ነበር። ስነግራት መርፌዎቿን ሰብስባ፣ ልጇን አቅፋ፣ በጓሮ በር ወጣች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ሥራ አስኪያጇ ጣቢያው ደውላ የመታወቂያ ቁጥሩን ለአዛዡ ነገረች። ማንም አልላከውም! እንዲህ የሚባል ጉዳይ የለም! ጭራሽ ትናንት የዕረፍት ቀኑ ነበር። በዕረፍት ቀኑ የደንብ ልብስ የሚለብስ ሰው ምን ይባላል? እኔ በዕረፍቴ ቀን ፀጉሬን እንኳ አላበጥርም። አቤቱታ ጻፍን፣ ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

አልመጣችም። ተማሪዎቿ ጅምር የሹራብ እጅጌ ይዘው ቁጭ ብለው ዋሉ።

ከዚያ ሁሉ ወሬ መሀል አምልጦኝ ይሆን? ስለ ጣሪያው ሳወራ የሕፃናቱን ክፍል ጠቅሼ ይሆን?... አልጠቀስኩም። አልጠቀስኩም መሰለኝ።

ባሌ ግንባሬን ዳሰሰኝ። «ምነው ዝም አልሽ? አሞሻል?»

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አዛዡ ራሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ መታወቂያውን ሳልጠይቀው ዘረጋልኝ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀትም ይዟል። የእኔን ቃል ነው የፈለገው። ይህ እንኳ ይፈቀዳል አለች ሥራ አስኪያጇ፤ እኔው ያየሁትን፣ እኔው የሰማሁትን። ተናገርኩ። የሐኪሙ አማት ጋ ስደርስ «ይበቃል እናቴ» አለ።

ባለ ሹራቧን ጠበቃ ዘንድ የወሰደቻት ሥራ አስኪያጇ ናት አሉ። የት እንዳለች ግን ለእኔም አልነገረችኝም። ተናደድኩ... ከዚያ ደስ አለኝ። ሕጉ ሕግ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

መጣች!!! ልጇን በአንድ እጅ፣ የክር ከረጢቷን በሌላው ይዛ፣ በፊት ለፊት በር!

ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ባሏ ወደ እሷም ወደ ልጅቷም መቅረብ፣ ደጃቸውም መድረስ አይችልም። ጣቢያውም ከሥራ አግዶታል። የደንብ ልብሱን አስረክቧል።

«መጀመሪያ ላንቺ ልንገር ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ለነፍስ አባቴም አልናገር!» አልኩ። ለምዶብኝ።

ሳቀች። ከልቧ፣ አፏን ሳትሸፍን።

«አይ እትዬ! ይሄንንማ ተናገሪልኝ! ሙሉ ስሜ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። የተማሪዎቼን ሥራ በአዳራሹ ላሳይ ነው፣ ሰው ይምጣልኝ።»

«ለማን ልናገር?»

«ለሁሉም!»

«ለሁሉም?»

«ላገኘሽው ሁሉ!»

እንዲህ ያለ ፈቃድ በዕድሜዬ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ከዘበኛው ጀመርኩ። ጽዳቷን፣ ኳስ ተጫዋቾቹን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሰውዬ (ሁለት ጊዜ!)፣ ዳቦ ሻጯን፣ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰው። ቤት ስደርስ ድምፄ ተዘግቷል። ለባሌ በምልክት ነገርኩት፤ ገባው። ነገ ደግሞ እህቴ፣ ጎረቤቶቹ፣ ያ የማይሰማ አጎቴ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፣ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት፣ ትልቁ አዳራሽ። ሁሉም ይመጣል፤ የቀረ ወዮለት!