በሐምሌ የመጣው የዓሣ ሳጥን

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናህ እንደምን ነህ? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ያቺ ሌባ ድመትህ ሳትቀር ደህና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማ ስኳሯም ግፊቷም ልክ ነው፤ አንደበቷ ግን ልክ የለውም። ትናንት ሱቅ መጥቶ ዋጋ የተከራከረኝን ደንበኛ «ሌላ ሱቅ የለም ወይ?» ብላ መለሰችብኝ። ጎሮ ክረምቱ ገብቶ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። እናንተ ዘንድ፣ ከድንበር ማዶ፣ ባሕሩ ይፈላል፣ እኛ እዚህ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፤ ቢቻልማ ትንሽ ትንሽ በተለዋወጥን ነበር።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልኩማ ምን ዋጋ አለው? ከአረፋ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ስደውል አይነሳም፤ ትንሽ ቆይቶ ጽሑፍ ይመጣል። ደህና ነኝ፣ ባሕር ላይ ነኝ፣ አታስቢ ይላል። ወንድሜ፣ አንተ እኮ ፊደል አልቆጠርክም። ከቁርኣን ቤትም ከትምህርት ቤትም እየሾለክህ ሐይቅ ዳር ስትውል አድገህ፣ የእኔን ደብዳቤ እንኳ የምታነብልህ ባለቤትህ ናት። መልእክቱንም የምትጽፈው እሷ እንደሆነች አላጣሁትም። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ድምፅ አይወስድም ብላኛለች። እኔ እሺ ብያለሁ፤ እማን ግን እሺ ማሰኘት አቃተኝ። ጭንቅ ሲለኝ የድሮ የድምፅ መልእክትህን አዲስ አስመስዬ አሰማኋት። አዳምጣ ስታበቃ፣ «ይኼን ባለፈውም ብሎኛል፤ ልጄ ወሬ አለቀበት እንዴ?» አለችኝ። ወጥ ላማስል ብዬ ተነስቼ ሄድኩ።

ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ባሕሩ ትኩሳት ይዞታል ብለኸኝ ነበር። በየዓመቱ የምታውቁት ሙቀት እንዳልሆነ፣ እጅ ሲነክሩት ለገላ የሞቀ ውሃ እንደሚመስል ነገርከኝ። ያ ጎኑ ላይ መስመር ያለው ረጅሙ ዓሣ፣ አንተ ደራክ የምትለው፣ ቤትህን የሠራህበት፣ ቀዝቃዛ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ሄዷል። በእሱ ፈንታ ሽማግሌዎቹ እንኳ ስማቸውን የማያውቋቸው ዓሦች መረብህ ውስጥ ይገባሉ፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ ለገበያ የሚሞላ ግን የለም። ዓሣ የሚያጠኑ ሰዎች መጥተው ከየጀልባው ቆጥረው ዓይነቱ ጨምሯል እንዳሉም አጫወትከኝ። «እውነታቸውን ነው፤ ዓይነቱ በዛ፣ እራቱ አነሰ» ብለህ ሳቅህ። ከዚያ ደራክ ከመንደራችሁ ፊት ለፊት ካለችው ደሴት ወዲያ ሳይኖር አይቀርም አልክ። ትንሽ ጀልባ ከደሴቲቱ እንደማታልፍ የነገርከኝ ራስህ ነህና ተቆጣሁህ። ቀልዴን ነው አልከኝ። ስትቀልድና ሳትቀልድ ድምፅህን ለይቼ አውቀዋለሁ።

ስለ መንደራችሁ ካጫወትከኝ ሁሉ አንዱ ከልቤ አልወጣም። እናንተ ዘንድ ጀልባ ወጥቶ ሲቀር ለቅሶ አይቀመጡም፤ ባሕር ያልመለሰችውን ሰው ሞተ ለማለት ማንም አይደፍርም። የቀረበት ቤት ግን ማዕዱ ባዶ እንዳይሆን፣ ከባሕር የገባ ጀልባ ሁሉ ከያዘው አንድ ዓሣ በራሱ ገመድ አስሮ ደጃፉ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። የማን እንደሆነ በገመዱ ይታወቃል እንጂ ማንም ቃል አይተነፍስም። ያን ጊዜ አልቅሼ፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት አላህ ይስጠኝ ብዬህ ነበር።

በየጊዜው የምትልክልን የዓሣ ሳጥን ባለፈው ጁሙዓ ደረሰ። ሁልጊዜ የሚያመጣልን ሹፌሩ ሃይደር ላምበረት ሰፈሩ ድረስ ጠርቶ ሰጠኝ። ሌላ ጊዜ የአንተን ወሬ ጀምሮ ሻይ ካላስቀዳ የማይጨርስ ሰው፣ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ቶሎ ሂጂ ብሎ ሊዞር ሆነ። ወንድሜን አገኘኸው ወይ አልኩት። ሳጥኑን የሰጠችኝ ባለቤቱ ናት አለኝ፤ ዓይኔንም አላየኝም። ታክሲ ውስጥ ሽታው ተሳፋሪውን አስመርሮ፣ ጉርድ ሾላ ስንደርስ ረዳቱ ዓሣውም ሂሳብ ይክፈል እያለ ሲያሾፍብኝ የሁለት ሰው ከፍዬ ወረድኩ። እኔ ሳልከራከር ከፍዬ ታውቃለህ?

ጎረቤቴን ሶሬቲን ታስታውሳታለህ፣ የወለጋዋን ጴንጤ። የእሷና የእኛ ሥጋ በአንድ ሰሃን አይገናኝም፤ ዓሣ ግን አራጅ አይጠይቅምና የአንተ ሳጥን በመጣ ቁጥር ማዕዳችን አንድ ይሆናል። ቢላዋዋን ይዛ መጣችና ከፈትነው። ከዚህ በፊት የአንተ ሳጥን ደራክ ብቻ ነበር፤ ጭንቅላታቸው በአንድ ወገን ተደርድሮ፣ በቀይ ሲባጎህ ሁለት ጊዜ ዞረህ ያሰርካቸው። የአሁኑ አንዱ ቀይ ዓይነ ትልቅ፣ አንዱ አፉ የበቀቀን፣ አንዱ እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ፣ አንዷ ከጣት እምብዛም የማትበልጥ። ሶሬቲ ስታገላብጥ ቆይታ፣ «አንቺ፣ ሁለት የሚመሳሰል የለም እኮ» አለች። እኔም የባሕሩ ሙቀት ነው፣ ዓይነቱ በዝቷል ብዬ አንተ ያስተማርከኝን ሁሉ እንደ አዋቂ ተነተንኩላት። ስናገር አምኜው ነበር። ከዚያ ገመዶቹን አየሁ። አንዱ ሰማያዊ ናይለን፣ አንዱ የዘንባባ ልጥ፣ አንዱ ከመረብ የተቆረጠ ክር፣ አንዱ የጨርቅ ቅዳጅ። በረዶውን እስከ ታች ገለበጥኩት። ቀይ ሲባጎ የለም።

ጠብሰን ስናቀርብ እማ ከሁሉም ቀመሰች። ዘንድሮስ ልጄ ከየዓይነቱ ላከልኝ ብላ እጇን ዘርግታ መረቀችህ፤ ሶሬቲም አሜን አለች። እኔ አጥንት ሰነቀረኝ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ፈርቻለሁ ወንድሜ። ስፈራ እንደምለፈልፍ ታውቃለህ፤ ይኼው ደብዳቤዬም ረዘመ። ይህን ደብዳቤ ሃይደር በእጅህ ካልሆነ ለማንም እንዳይሰጥ ላስምለው አስቤ ነበር። ፊቱን ሳስታውስ ተውኩት፤ ለባለቤቱ ስጣት እለዋለሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቢው እህቴ ሆይ፣ የቀረው ለአንቺ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እያነበብሽለት፣ እሱም ጉልበቱን እያሸ ይቺ ልጅ ነገር ታበዛለች እያለሽ ከሆነ፣ አንዲት ዓሣ በቀዩ ሲባጎ አስሮ ይላክልኝ። ጣት ታክል፣ ሽማግሌ ስሟን የማያውቃት ትሁን፤ ግድ የለኝም። ለብቻሽ በልብሽ እያነበብሽ ከሆነ ግን ከእንግዲህ ዓሣ አትላኪልን። ደጃፍሽ ላይ የሚሰቀለው የልጆቹ ራት ነው። እኛን ልታረጋጊ ከአፋቸው ቀንሰሽ ሳጥን ስትሞዪ፣ አንቺን ማን አይዞሽ እንዳለሽ አላውቅም። ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ለእማ የሚነገረውን አብረን እንነግራታለን። የጓሮውን ክፍል ጠርጌ አልጋ ዘርግቻለሁ፤ ለማነው ስትለኝ ለእንግዳ ነው ብያታለሁ።

አላህ ባሕሩን ያብርደው። የወጣውን በሰላም ይመልስልን፤ ደጅ ደጁን ለምታየውም ጉልበት ይስጣት። አሚን።

እህትሽ