የውሻ ቀን መቀነት

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እርግዝናውስ እንዴት ይዞሻል? ማቅለሽለሹ ለቀቀሽ? በዚያ በሰሜን በረዶ ላይ ስትራመጂ እንዳትንሸራተቺ አደራ። እኔ ደህና ነኝ። ጀልባዋም ደህና ናት፣ ዓሣው ግን ዘንድሮ ኮርቶብናል።

ዛሬ በቀን መቁጠሪያችን የውሻ ቀን ነው። ውሻ ሳትጨነቅ ትወልዳለች ተብሎ ነፍሰ ጡሮች የሆድ መቀነት የሚቀበሉበት ቀን ስለሆነ፣ ያንቺን ላመጣ በጠዋት ወደ መቅደሳችን ወጣሁ። ምንም አልተለወጠም። የድንጋይ ደረጃው ስንት ዘመን በነፍሰ ጡር እግር ተረግጦ መሐል መሐሉ ጎድጉዷል። የእጅ መታጠቢያውን ገና ከሩቅ ሳየው፣ አንቺ በጭልፋው ውሃ ስትረጪኝ፣ እማዬም ሁለታችንንም ጆሯችንን ይዛ ስትጎትተን ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ናፍቀሽኛል።

ከቀዩ በር ስደርስ ግን ቆምኩ፤ አልገባሁም። አያታችን የሞቱ ጊዜ ትዝ ይልሽ የለ? ውስጥ የበዓሉ ከበሮ እየተመታ፣ «የሐዘን ቤት ሰው በዚህ በር አያልፍም» ብላ እማዬ ውጭ አቆመችን። አንቺማ መሬት ላይ ተንከባለልሽ። ዛሬ እኔ እዚያው ቦታ ላይ ቆምኩ።

ካህኑ ኩሪሃራ ልጃቸው ዘንድ ከርመው ትናንት ነው የተመለሱት። ቅጠል ሲጠርጉ አዩኝና፣ «ምን ይገትርሃል? እንደ ሙሽራ ልለምንህ?» ብለው ቀለዱብኝ። ፊቴን ሲያዩት ግን ቀስ ብለው መጥረጊያውን አስቀመጡ።

«መቼ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም። መቀነቱን እሳቸው ራሳቸው ከውስጥ ይዘውልኝ ወጡ፣ እጄንም ይዘው ብዙ ቆዩ።

እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ «ልጄ በሰላም እስክትገላገል አንድ ነገር እንዳትጽፍላት» ብላ አስምላኛለች። እኔም አልጻፍኩም፤ ስለ መቅደሱ ብቻ ነው ያወራሁሽ።

መቀነቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ የምታስረው እናት እንደሆነች ታውቂያለሽ። የባለቤትሽን እናት ለምኛቸው፤ እሳቸው ይሰሩልሽ። ስታለቅሺም ቁጭ ብለሽ አልቅሺ፣ ሆድሽን ደግፈሽ።

የመንደራችን ባሕርና ተራራ ይጠብቁሽ፤ የመቅደሳችን የወላድ ጠባቂም ትቁምልሽ።

ቤቱን ብቻውን የሚጠብቀው ታናሽ ወንድምሽ