የተቆረጠው ሊንደን

ዌንብሩክ፣ ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1984

ለምወድህ ልጄ ለክሌም፣

እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም። የአባትህ ሳንባ አልቋል። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ነው አለኝ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ቁጥሩ አይሠራም። ይህ ደብዳቤ ካናዳ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንጃ። የምጽፈው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ፣ ወረቀቱም የጎብኚ ካርታ ጀርባ ቢሆን ይቅር በለኝ፤ ሌላ አልያዝኩም።

ዛሬ ጠዋት «ወደ ጌቶቹ ግቢ ውሰጂኝ» አለ። ጌቶቹ ከሄዱ ወዲህ ግቢው ለጎብኚ ተከፍቷል። አርባ ዓመት ደኑን ሲንከባከብ የኖረ ሰውዬ በሩ ላይ እንደማንም ቲኬት ቆረጠ። «ይቺን በር የቀባሁት እኔ ነኝ እኮ!» ብሎ ቲኬት ሻጯን ሲያፋጥጣት እኔ አፈርኩ። በተሽከርካሪ ወንበሩ እየገፋሁት ጽጌረዳዎቹን አለፍን፣ ኩሬውን አለፍን። ቀና ብሎም አላየ። «ወደ ሊንደን ዛፎቹ ግፊኝ» አለ።

እዚያ መንገድ አሥራ አንድ ዓመት እግሬ አልረገጠም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። እዚህ ለሚሠራ ሰው ልጅ ሲወለድለት ሊንደን ይተከላል፤ የልጁ ስም ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ግንዱ ግርጌ በምስማር ይመታል። አንተ «ዕድሜ ልኬን ለጌቶች ባርኔጣዬን ሳነሳ አልኖርም» ብለህ የሄድክ ቀን፣ አባትህ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ሲመለስ «ዛፉን ቆረጥኩት። ልጅ የለኝም» አለ። እኔ ሞኟ ያንኑ ጻፍኩልህ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ክሌም፣ ዛፍህ ቆሟል። ስምህም አለበት፤ ክሌመንት ሃስኬት፣ 1951። አጠገቡ ጉቶ አለ። ጎንበስ ብዬ ቆርቆሮውን አነበብኩ፤ አምብሮስ ሃስኬት፣ 1919። የቆረጠው የራሱን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ የልጁን ነው ያልከኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አሥራ አንድ ዓመት ስታስለቅሰኝ!»

«የሱን ልቆርጥ ነበር የሄድኩት። እጄ እምቢ አለኝ። ምንም ሳልቆርጥ ደግሞ እንዴት ልመለስ?»

ከዚያ ሴንጢውን አወጣና ከዛፍህ እግር ሥር ያቆጠቆጠውን መቁረጥ ጀመረ። ሊንደን በየዓመቱ ካልጸዳ ቀንበጡ ይወረዋል። ለካ በየመኸሩ ብቻውን እየመጣ ሲያጸዳው ኖሯል! ሦስት ቀንበጥ እንደቆረጠ ትንፋሽ አጠረው፤ ሴንጢው ከእጁ ወደቀ። አንስቼ ሰጠሁት፤ ሊይዘው አልቻለም።

«እንዳትጽፊለት» አለኝ። «አዝኖልኝ እንዲመጣ አልፈልግም።»

እሺ አልኩት። ዋሸሁት፤ እሱስ ስንት ዓመት ዋሽቶኝ የለ? ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ እዚሁ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልህ ነው።

ልጄ፣ አልለምንህም ብዬ ምዬ ነበር። እለምንሃለሁ፣ ና። ይቅርታ ከአፍህ ካልወጣ ዝም ብለህ አጠገቡ ቁምለት። ብቻ ድረስ።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ ይህንንም ወረቀት ሳይረፍድ እጅህ ያግባው።

እናትህ ሄስተር

አሁን ነቃ። የምጽፈውን አየ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። «በቀኝ በኩል አምስት ቀንበጥ ቀርቷል በይው» አለኝ። «ሴንጢዬን አስቀምጥለታለሁ።»