ስለ አሜሪካ ታሪክ ትምህርትና ስለ ትርንጎ ጥያቄ፤ ለአለቃ ቀለመወርቅ

ለክቡር አባታችን፣ ለደብሩ ጠባቂና ለሊቃውንት መመኪያ ለአለቃ ቀለመወርቅ፤ ደብረ ታቦር።

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ጉና ተራራ የጸና፣ ማዕድዎ እንደ ፎገራ መስክ የሰፋ ይሁን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አኗኗራችን እንዴት እንደሆነ ከታች ስለምገልጽ በሰላምታው አላደክምዎም። ጸሐፊው የደራው ቄስ ሞላ ነኝ። ደብዳቤዋን ለእርስዎ ብቻ መላክ ሲገባኝ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለሕዝብ እንድትነበብ የማደርገው፣ የእርስዎን ያህል ሰው በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ ልጄን ገብረየሱስን ከቅኔ ቤት አውጥተው ወደ አዲሱ ትምህርትዎ ስላስገቡልኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ጎልማሳ ነው፤ ቅኔውን ሊያስመሰክር ጥቂት ቀርቶት ነበር። እርስዎ ግን ጋፋት ያሉት ፈረንጆች እንዳይንቁን የእነሱንም ወገን ታሪክ እንወቅ ብለው፣ ምጽዋ ወርዶ የፈረንጅ ቋንቋ የተማረውን መምህር ይርጋን አስመጡና፣ ከባሕር ማዶ ስላለው አሜሪካ ስለሚባል አገር ታሪክ ያስተምር ጀመር። እምቢ ያለ ተማሪ ከደብሩ ድርጎ እንደማያገኝ በተነገረን ጊዜ ሁላችንም በፈቃዳችን ተስማማን።

ሁለተኛ፤ የትምህርቱ ሥርዓት እጅግ ያማረ ነበር። ተማሪው ብራናውን ራሱ ፍቆ ያመጣል፤ የዚያን አገር ገዢዎች ስም እንደ ዳዊት በቃሉ ይይዛል፤ የአገሩን መልክ በአመድ ላይ በጣቱ ይሥላል። በመካከል ስለ ጎንደር ነገሥታት የጠየቀ እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ ቆሞ ይውላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ትምህርቱ ሲያበቃ የሰማ ሁሉ አንድ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብ ማዘዝዎ ነው። “ያልጠየቀ አልሰማም” ያሉት እርስዎ ነዎት። ልጄ ይህን ቃል ቤት መጥቶ ሲነግረን፣ እናቱ እቴነሽ “እንዲህ ላሉ አባት ዕድሜ ይስጥልን” ብላ መርቃዎታለች። ምርቃቷ እንደያዘ እያየን ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። አንድ ቀን መምህር ይርጋ ስለዚያ አገር ጦርነት አስተማረ። ወንድምና ወንድም በባሪያ ነገር መጋደላቸውን፣ የአንደኛው ወገን መሪም ባሮቹ ነፃ ይውጡ ብሎ ማወጁን ተረከ። እርስዎም መደቡ ላይ ተቀምጠው “እንዴት ያለ የጽድቅ ሥራ ነው!” እያሉ ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቤትዎ ያደገችው፣ ክርስትናም የተነሣችው ባሪያዎ ትርንጎ ለተማሪዎቹ ውኃ ይዛ መጥታ፣ እንስራዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ ከማንም ቀድማ፣ “ጌቶች፣ እኔም ሰምቻለሁ። እነዚያ ነፃ የወጡት ሰዎች ወዴት ሄዱ? እናቶቻቸውን አገኟቸው?” ብላ ጠየቀች።

መምህር ይርጋ ብራናውን ይጠቀልል ጀመር። እርስዎም “ይህችን ማን ተናገሪ አላት?” ብለው ሲቆጡ ልጄ ብድግ አለና፣ “አባታችን፣ እኔ ዛሬ ጥያቄ የለኝም። የእሷ የእኔ ሆኖ ይቆጠርልኝና መልሱን ይንገሩን” አለ።

መልሱን ስላላዘገዩብን ውለታዎ አለብን። ልጄን በተማሪዎቹ ፊት በጅራፍ አስገርፈው ከደብሩ አባረሩት። ትርንጎን ግን አልሸጧትም። ክርስቲያንን መሸጥ የተከለከለ መሆኑን ለሌላው የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎትና፣ ወደ መተማ ለሚወርዱ ነጋዴዎች “አደራ ሰጠኋት” ብለዋል። ነጋዴዎቹም አደራው ቢያስደስታቸው አንዲት ሰጋር በቅሎ ከነኮርቻዋ ደጅዎ አስረው ሄዱ። ስጦታን በስጦታ መመለስ ያገር ወግ ነው።

አራተኛ፤ ልጄ የጀርባው ቁስል ሳይደርቅ ተከትሏት ወረደ። እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ “ልጄ፣ እሷ ምንህ ናት?” ብትለው “ጥያቄዬ ናት” አላት። መተማ ሲደርስ ነጋዴዎቹ ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። ከሩቅ እንኳ ሳያያት፣ የቆላ ንዳድ ይዞት፣ መንገደኞች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝቷል። ሲያቃዠው የአሜሪካን ገዢዎች ስም በተራ በተራ ይጠራል፤ አንድም አይስትም። ትምህርትዎ እስከዚህ ድረስ ጠልቆ ገብቷልና እንኳን ደስ ያለዎ።

የምለምንዎ ነገር የለኝም። ትርንጎን ይመልሱ እንዳልል የምትመለስበት መንገድ የለም። ፍርድ ይስጡኝ እንዳልል ፈራጁ እርስዎ ነዎት። መምህር ይርጋ ሊመሰክርልኝ ምሎ ነበር፤ በማግስቱ አገር ጥሎ ሄደ። ወደ በላይ አቤት እንዳልል፣ የእርስዎ የበላይ የሆኑት ሰው በዚያች ሰጋር በቅሎ ተቀምጠው በሐሙሲት ገበያ ሲያልፉ ሕዝብ ሁሉ ተነሥቶ እጅ ነሥቷቸዋል። እኔም ከሕዝቡ ጋር እጅ ነሥቻለሁ።

እንግዲህ የሠሩትን ሁሉ ቁጭ ብለው ለማየት የሚበቃ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እያልሁ፣ ጫማዎን ስሜ የምሰናበትዎ፣ ተግሣጽዎን በልጄ ጀርባ ላይ ያነበብሁ ታዛዥዎ፣

ቄስ ሞላ፤ ከደራ፤ በወርኃ ጥቅምት፣ ፲፰፻፶፯ ዓመተ ምሕረት።

ደብዳቤዋን ካጠፍኋት በኋላ የጨመርሁት፦ ከተማሪዎችዎ መካከል የአሜሪካን ታሪክ ፈተና ያለፈ አንድ እንኳ የለም ብለው ማዘንዎን ሰምቻለሁ። ይጽናኑ። ገብረየሱስ ዛሬ ረፋድ ላይ አልፏል።