ወንዛችንን ስላከሙልን እጅ እንነሳለን

ለተከበሩ የወንዝ ጽዳትና ማገገሚያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንዙ ዳር አበቦች የለመለመ፣ አፍንጫዎም እኛ ከምናሸተው የራቀ እንዲሆን እየተመኘን፣ ከድልድዩ በታች ክር እያቀለምን የምንኖር ባልና ሚስት ሰላምታችንን በታላቅ አክብሮት እናቀርባለን።

በቅድሚያ ምስጋና። የሰፈራችንን ወንዝ ዳርና ዳሩን ድንጋይ አስነጥፈው፣ መብራት ሰቅለው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው ስላስዋቡልን ቃላት ያጥረናል። ወንበሮቹ ላይ እስካሁን ረግቶ የተቀመጠ ሰው ባይገኝም ጥፋቱ የወንበሮቹ አይደለም። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉን፤

፩. ውሃው ከድልድዩ በላይ ጥርት ያለ ነው፤ እኛ ደጅ ሲደርስ ጠቁሮ ይገማል። ባለሙያዎችዎ ናሙና የሚወስዱት ከላይ ብቻ ለምን እንደሆነ ብንጠይቅ፣ ታች መቆም ለጤናቸው እንደማይስማማ በትሕትና አስረዱን። እኛ እዚያው እራት እንበላለን።

፪. ባለፈው ሳምንት ወንዙን የበከልነው እኛ መሆናችን ተገልጾ በራችን ላይ የማሸጊያ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። የቀለም እጣቢያችንን በበርሜል አጠራቅመን ለቆሻሻ መኪና እንደምናስረክብ ብናስረዳ፣ ውሃው መጥቆሩና እኛም ቀለም ነክተን ማደራችን በቂ ማስረጃ ነው ተባልን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ቤቱ ከታሸገ ልጆቻችንን የምናበላበት ሌላ ሙያ የለንም፤ ስለዚህም አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ፣ አንጀታችን አርሯል።

፫. ባለቤቴ አቤቱታዋን ይዛ ድልድዩ አጠገብ ወዳለው ቢሮዎ መጣች። ስብሰባ ላይ ነዎት ተብላ እስከ ቀትር ተጎለተች። ሰው ናትና ሽንት ቤት ገባች፤ ለኬክ የሚሆን ቀይ ቀለም ከቦርሳዋ አውጥታ ደፋችና ውሃ ለቀቀችበት። ደጄ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ወንዙ ቀልቶ መጣ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው፣ ውሃው ከየት እንደመጣ ስነግረው፣ ክቡርነትዎን ደም እያስቀመጠዎት እንዳይሆን ከልቡ አዘነልዎ።

እንግዲህ ወንዙን እንዲያክም የተሾመው መሥሪያ ቤት ወንዙ ላይ ሲጸዳዳ ኖሮ፣ በእኛ በር ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፉ ነው። ማስጠንቀቂያው ከበራችን ተነሥቶ፣ ማጣበቂያው ሳይደርቅ፣ በትክክለኛው በር ላይ እንዲለጠፍልን እንለምናለን።

የቢሮዎ ቁርስና ምሳ ዞሮ ዞሮ የሚደርሳቸው፣
ታዛዦችዎ፣ ክር አቅላሚዎቹ

ማስታወሻ፦ በመጪው ሳምንት ያገገመውን ወንዝ የሚጎበኙ እንግዶች እንደሚመጡልዎ ሰምተናል። ለባለቤቴም ቢሮዎ ተመልሳ እንድትመጣ ቀጠሮ የተሰጣት ያን ዕለት ነው። ማስጠንቀቂያው እስከዚያ ካልተነሣ፣ እንግዶችዎ የሚወዱትን ቀለም ቀደም ብለው ያሳውቁን።