ከአጥሩ ያለፈው ቀስት

ይድረስ ለታላቋ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ሲጠዘጥዝሽ የነበረው ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ «እሰይ፣ አንዷ ቀረች» እያልሽ ትቆጥሪያለሽ? ጋሼስ ሳሉ ተወው? ትንሿ ያቺን የምትነቃነቅ ጥርሷን ነቀለቻት ወይስ እንደፈራች ክር አስራባት ትዞራለች? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት? የግራ ዓይኗ ባሰበት ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ያንን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከትቼው ነው የምውለው። እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበት ማመም ከዘር የወረስነው ነው መሰለኝ።

ክፉ ወሬ በሰላምታ መሃል ሸጉጬ መላክ አልችልበትምና ቁርጡን ልንገርሽ። በዚህ ወር አልመጣም። ፈቃዴ በአንድ ዓመት ተገፋ። ክፍሉን ቀለም እንዳስቀባሽልኝ፣ እማዬም «ዓይኔ ሳይከዳኝ ፊቱን አንዴ ልየው» እያለች ቀን እንደምትቆጥር አውቃለሁ። ለእሷ ከመንገርሽ በፊት ምክንያቱን ስሚና ፍረጂኝ። የነገሩ ሁሉ መነሻ ያ «ምን ዓይነት ስልክ ነው?» እያልሽ የምትጠይቂኝ መሣሪያ ነው።

ስልክ አይደለም፣ እታለም። ጂፒኤስ ይሉታል። መዳፍ የሚሞላ፣ ጠርዙ ቢጫ ጎማ የለበሰ፣ ባለ ቀለም ስክሪን ዕቃ ነው። አይደውልም፣ አይዘፍንም፤ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት እንዳለሽ። ሥራዬ የመጋዘኖቹንና የውሃ ማጠራቀሚያውን ግቢ የከበበውን የሽቦ አጥር በውስጥ በኩል እየዞርኩ መፈተሽ አይደል? ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ሽቦው ከተቀደደበት ስደርስ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ ይቀመጣል፣ በማግሥቱ በያጁ በነጥቧ ተመርቶ ይመጣል። የሄድኩበትን ሁሉ ደግሞ በሰማያዊ መስመር ይስለዋል። ከሥራ ስንወጣ ካቦው መሣሪያውን ከኮምፒውተር ያገናኝና መስመሩን ይመረምራል። የት ቁጭ እንዳልኩ ያውቃል። ዛፍ ሥር ሽንቴን የሸናሁበትን ደቂቃ ሳይቀር ይጠይቀኛል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፉ አይጠፋም።

እንደ ዕቃነቱ ከሆነ ክፉ አይወጣለትም። ዝናብ አይፈራም፤ ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ጥዬው በሱሪዬ ጠርጌ ቀጥያለሁ። ቀለሙ ፀሐይ ላይ ይደምቃል፣ የሚደበዝዘው ጥላ ውስጥ ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሁለት ቀን ያውለዋል፤ ሲበርድ ግን ሆዳም ነው። በቆርቆሮ መጋዘኖቹ መሃል ስገባ ሰማዩ ይጋረድበትና ይቀባዥራል። አንድ ቀን ማጠራቀሚያው ውሃ መሃል እንደቆምኩ አድርጎ ሳለኝና ካቦው «ዋና ደሞ መቼ ተማርክ?» ብሎ ሳቀብኝ። አንድ አመል ደግሞ አለው፤ ቆመሽ አቅጣጫ ብትጠይቂው አያውቅም፣ ቀስቱ እንደ ሰካራም ይዞራል። አሥር እርምጃ ስትራመጂ ነው ልብ የሚገዛው።

ባለፈው ዓመት ደጃፍ ቆመሽ ከስልክሽ ላይ ያነበብሽልኝ የቤታችን መገኛ ቁጥሮች ትዝ ይሉሻል? «ሎተሪ ልትቆርጥ ነው?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። ቁጥሮቹን አስገባሁና «ቤት» ብዬ ስም ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ቀስቱ ወደ እናንተ ያመለክታል። መንገድ አያውቅም፣ ባሕር አያውቅም፣ አጥር አያውቅም፤ ሽቦውን አልፎ ቀጥ ይላል። ከሥሩም ርቀቱን ይጽፋል። በጀርባው አጥር በኩል ስሄድ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እናንተ እቀርባለሁ፣ ማዕዘኑን ስዞር ቁጥሩ መልሶ ያድጋል። በየቀኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ እማዬ ቀርቤ በየቀኑ ተመልሻለሁ። አንድ ቀን ካቦው የሦስት ዓመት መስመሬን አንድ ላይ አውጥቶ አሳየኝ። በመጀመሪያ ሳቅሁ፣ ኋላ ግን ሳቁን ተውኩት። የታሰረ ከብት ካስማውን የዞረበት ይመስላል። ፓስፖርቴ ቢሮ ካዝና ውስጥ ነው፣ ከበሩ ለመውጣት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ካቦው ነው። ታፍኛለሁ፣ እታለም። ይህን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛ፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነበር፤ ሰንበሌጥ እንለዋለን። ጠዋት እኔ እዞራለሁ፣ ከሰዓት እሱ። በየመሣሪያው ጀርባ የየራሳችን ቁጥር ተለጥፏል። ታሞ መቅረት ከፈቃድ ላይ ቀን ያስቀንሳልና፣ በክፍላችን ያለን ሁሉ አንዳችን ስንታመም ሌላው የታመመውን መሣሪያ ይዞ ይዞርለታል። ካቦው የሚያየው መስመሩን እንጂ እግሩን አይደለም። ጉልበቴ ያበጠ ዕለት ሰንበሌጥ ከትራሴ ሥር መሣሪያዬን አወጣና «ተኛ፣ ያንተንም እኔ እዞርልሃለሁ» አለኝ። ተኛሁ። እሱ አልተመለሰም።

በጀርባው አጥር፣ ወደ እናንተ በጣም በምቀርብበት ጥግ፣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረ። ሣር ሸፍኖት አላየሁትም ብዬ ለካቦው ምያለሁ። አንቺን ግን አልዋሽም፤ አይቼዋለሁ። ስንት ጠዋት አጠገቡ ቆሜ ቀስቱን እያየሁ፣ ስቆም ደግሞ ቀስቱ እየዞረብኝ፣ ቀይ ነጥቧን ሳላስቀምጥ አልፌያለሁ። ለመውጣትም ለመጠቆምም ወኔ አጣሁ። ሰንበሌጥ ወኔው ነበረው።

ቢሮ አስጠሩኝ። «ሰረቀኝ» ብል ፈቃዴ አይነካም ነበር፤ እሱ ግን በሌባ ስም ይታደናል። «ራሴ ሰጠሁት» ብል የመተጋገዛችን ነገር ይወጣና ክፍሉ በሙሉ ይቀጣል። ካቦው ዓይን ዓይኔን እያየ «መሣሪያው የት አለ?» ሲለኝ «ውሃ ውስጥ ጣልኩት» አልኩ። ያ የዋናው ቀልድ ሳይሆን አይቀርም አፌ ላይ የመጣው። ጸሐፊው ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ፣ ቅጣቱ ፈቃዴ ሆነ። የፈረምኩት በእማዬ ዓይን ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ጸሐፊው ቅጣቱን የፈራሁ መስሎት «አይዞህ» አለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ቀዳዳው በማግሥቱ በድርብ ሽቦ ተደፈነ። አልጋው ላይ የተገኘውን የሰንበሌጥን መሣሪያ ቁጥሩን ልጠው የእኔን ለጠፉበትና ሰጡኝ። አሁን ሁለቱንም ዙር የምሄደው እኔ ነኝ። ከፍቼ ሳየው እሱም አንድ ነጥብ አስቀምጦ ኖሯል፤ ስሙም «ቤት» ይላል። ቀስቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወደማላውቃቸው ሰዎች ያመለክታል። ልሰርዘው እጄን ሰድጄ ተውኩት። ማዕዘን ስዞር ርቀቱ ሲቀንስ እኔን ደስ ይለኛል፤ ሰው ምን ጉድ ነው!

ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሰው፣ ሳሉን ችላ እንዳይል። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ጥርሷንም አታባብያት፣ ይዘሽ ንቀይላት። እሜቴ ጎረቤታችንን እግር ስሜያለሁ በያቸው። ለእማዬ እውነቱን ንገሪያት፣ የተፈረመ ውሸት አንድ ይበቃኛል።

ሰንበሌጥም የራሱን ቀስት እዚህ ትቶ የእኛን ይዞ ነው የሄደው። መንገድ የጠፋበት እንደሆነ መሣሪያው የሚያሳየው ቤት የእናንተን ብቻ ነው። ድንገት ደጃፍ ላይ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ቢጫ ዕቃ ይዞ ቢቆም አትደንግጡ፣ አስገቡት፣ አብሉት። ዕቃውን ለእማዬ አስይዣት። ከቦታው ሲደርስ ይጮኻል፤ ዓይኗ ባያይ ጆሮዋ ይሰማል። ስክሪኑን አንቺ እይላት፤ አንድ ቦታ የተቋጠረ ሰማያዊ ገመድ፣ ከቋጠሮው ወጥቶ እስከ ደጃችሁ የመጣ አንድ መስመር። በጀርባው የተለጠፈው ቁጥር የእኔ ነው፣ በያት።

ታናሽ ወንድምሽ
በጀርባው አጥር በኩል ካለው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን